የጨዋታ ሊቃውንት፤ ከጎጃም ቅኔ ቤት እስከ ካትስኪልስ ተራራ

ወሩ ጥቅምት፣ ዕለቱ የሚካኤል በዓል ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ፣ ዳጉሳው አሽቶ በቆሎው ለመሰብሰብ በደረሰበት በአንድ የሊበን መንደር፣ የጽዋ ማኅበር ተሰብስቦ ጸሎቱ ደርሷል፣ ዳቦው ተባርኮ ተቆርሷል፣ ጽዋውም ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ተሰጥቷል። ማኅበርተኛው በየመደቡ ተደላድሎ ጠላውን ሲጎነጭና የዘመኑን አዝመራ ሲያወጋ ከቆየ በኋላ፣ ከመካከላቸው አንዱ ከጥግ ወደ ተቀመጡት አረጋዊ የቅኔ መምህር ዘወር ብሎ «የኔታ፣ እስቲ ያችን የአለቃን ያውጉን» አላቸው። «ያችን» ሲል የትኛዋን ማለቱ እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ በዚያ ቤት ከነበሩት ሁሉ ጨዋታዋን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረምና።

የኔታም ወዲያው አልጀመሩም። አስቀድመው «ኧረ ተዉኝ፣ ስንት ጊዜ ትሰሟታላችሁ» ብለው ተግደረደሩ፤ ቀጥለው ኩታቸውን አስተካክለው፣ ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ነገሩን ከሩቅ አመጡት። አለቃ ገብረ ሐና መንገድ መሽቶባቸው ከአንዲት ባለጸጋ እመቤት ቤት እንደ ደረሱ፣ እመቤቲቱ ሊቅ ገባልኝ ብለው እንዴት ሽር ጉድ እንዳሉ፣ የእጅ ውኃው እንዴት እንደ ፈሰሰ፣ የወጡ ሽታ ከጓዳ እንዴት ቀድሞ እንደ መጣ፣ የመሶቡ ስፌት እንኳ ቀዩ በየት አረንጓዴው በየት በኩል እንደ ዞረ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ከመሶቡ ላይ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ ክዳን እንደሚከፍት ሰው በአየር ላይ ቀስ አድርገው ገለበጡት፤ አይጧም ዘላ ወጣች። እመቤቲቱ ደንግጠው እንግዳቸውን ሰርቀው አዩ፤ አለቃ ግን ፊታቸውን ወደ ምሰሶው መልሰው እንዳላየ ሆኑ፤ የቀረበላቸውንም በሉ፣ ጠጡም። በዚህ ጊዜ አንድ ጎረምሳ ፍጻሜውን ሊቀድም አፉን ቢከፍት፣ አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ጉልበቱን ያዝ አድርገው ዝም አሰኙት። የኔታ ዋንጫቸውን አነሡ፣ አንድ ጊዜ ጎነጩ፣ መልሰውም አስቀመጡ። ቤቱ በሙሉ ይጠብቃል። ከዚያም እንግዳ በልቶ ሲነሣ የሚመርቀውን የተለመደ ምርቃት፣ ይህ ማዕድ ከቤትዎ አይጥፋ የሚለውን፣ በአለቃ አንደበት መረቁ፤ ዳሩ ግን «አይጥ» ካሉ በኋላ ትንፋሻቸውን ለቅጽበት ገታ አድርገው «ፋ»ን አስከተሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ፍጻሜውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ አዲስ ነገር እንደ ሰማ ሁሉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጦ የሳቀውም ያ ቀድሞ ሊናገር የነበረው ጎረምሳ ነው። ሰዉ የሳቀበት ምክንያት ምን ይሆን? የነገሩ ፍሬ አስቀድሞ በእጁ ነበረ፤ ስለዚህ ሳቁ የመጣለት በመንገዱ ነው ማለት ነው። በመሶቡ ቀለም፣ በእጃቸው ምልክት፣ በዋንጫው መነሣትና መቀመጥ፣ በዚያች የትንፋሽ መገታት ነው። ይህ ጥበብ ሥርዓትና ትምህርት ያለው፣ መምህርና ደቀ መዝሙር ያለው፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ጥበብ ስለ ሆነ፣ ከሌላ ሕዝብ ዘንድ ያለውን ተመሳሳዩን ከጎኑ አቁሞ ማየት የራሳችንን ይበልጥ ያስከብረናል ብዬ አምናለሁ። ተመሳሳዩም የሚገኘው ከዚህ እጅግ ርቆ፣ ባለፈው መቶ ዓመት በአሜሪካ መድረክ ላይ ቆመው ዓለምን ያሳቁት አይሁድ ቀልደኞች ዘንድ ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ አለቃ። ገብረ ሐና በሕዝብ አፍ ቀልደኛ ተብለው ቢቀሩም፣ በዘመናቸው የታወቁት በሊቅነታቸው ነበር። በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው ወደ ጎጃም ተሻግረው ጎንጅ ቅኔን ተማሩ፤ ጎንደርም ገብተው በዜማው፣ በአቋቋሙና በፍትሐ ነገሥቱ የተመሰገኑ መምህር ሆኑ፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ፊት ቆመዋል። እስከ ዛሬ በየደብሩ የሚዘመመው የተክሌ አቋቋም የእርሳቸው ድርሰት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከአባቱ ተምሮ ካስፋፋው ከልጃቸው ከተክሌ ነው። እንግዲህ ያ ማኅሌት የደረሰ አእምሮና ያ በ«አይጥፋ» ላይ የተጫወተ አእምሮ አንድ ነው፤ ሁለቱም የወጡት ከቅኔ ቤት ነው።

ቅኔ ቤት የገባ ልጅ፣ ዋሸራም ይግባ፣ ጎንጅም ይግባ፣ ዲማም ይግባ፣ መጀመሪያ የሚማረው ነገርን በጥቂት ቃል መቋጠርን ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ቤቶች ውስጥ ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከታች ሆነው፣ ጠቢብ ሰሚ ደርሶ እስኪለያቸው ድረስ ተቃቅፈው መኖር አለባቸው። ተማሪው በየጥሻውና በየዛፉ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ሲነግርም አንድ ፊደል የጠበቀ ወይም የላላ እንደ ሆነ ምሥጢሩ ይፈርሳል። እንዲህ ሆኖ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የከረመ ሰው፣ ከሰው የሚሰማው ቃል ሁሉ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይከፈትለታል፤ ተራ ምርቃት ውስጥ የተደበቀችውን አይጥ የሚያይ እርሱ ነው። የአገራችን ገበሬ ቅኔ ቤት ባይገባም የቅኔ ቤት ጎረቤት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ጆሮው ተስሎለታል፤ ሙግቱም፣ ልቅሶውም፣ ፉከራውም በኅብር የታጀበ ነው።

ወደ አይሁድ ስንመለስ የምናገኘው ይህንኑ የትምህርት ቤትና የሳቅ ዝምድና ነው። በምሥራቅ አውሮጳ፣ በፖላንድ፣ በሊትዌኒያ፣ በዩክሬንና በቤላሩስ በየትናንሽ ከተሞቻቸው ይኖሩ የነበሩት አይሁድ፣ ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ ፊደል የሚቆጥርበት፣ ሲጎለምስም ታልሙድ የሚባለውን የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ የሚመረምርበት ትምህርት ቤት ነበራቸው። በዚያ ቤት ንባቡ በዜማ ነው፤ ጥያቄው በዜማ፣ መልሱም በዜማ ነው፤ አንዱ ረቢ እንዲህ አለ፣ ሁለተኛው ግን እንዲህ አለ እየተባለ፣ ተቃራኒው ሐሳብ ሳይጣል ከገጹ ላይ ተከብሮ ይኖራል። የእኛን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። አንድ ቃል ይነበባል፤ መምህሩ ይተረጕሙታል፤ ከዚያ «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ ፍች ይመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ተማሪው ነገር ሁሉ ከአንድ በላይ ፊት እንዳለው እየለመደ ያድጋል፤ ይህን የለመደ ሰው ደግሞ፣ አንዱን ፊት ሲያሳይህ ቆይቶ ሳታስበው ሌላውን ቢያዞርብህ፣ ከመሳቅ በቀር ምን ታደርጋለህ?

ለዚህ እንደ ጃኪ ሜሰን ያለ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ተወልዶ በኒው ዮርክ ያደገው ይህ ሰው፣ አባቱ ረቢ፣ አያቱም ረቢ፣ ሦስቱ ወንድሞቹም ረቢዎች ነበሩ፤ እርሱም ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳለ ማዕረጉን ተቀብሎ ምእመናንን አገልግሏል። ስብከቱ ውስጥ ጨዋታ እየበዛ፣ ምእመናኑም ለጨዋታው ሲሉ እየመጡ ከሄዱ በኋላ፣ አባቱ ሲሞት ምኵራቡን ትቶ ወደ መድረክ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ብቻውን ያቀረበው ትርኢት የአሜሪካ ቲያትር ከፍተኛ ሽልማት ከሆነው ከቶኒ ልዩ ሽልማት አድርሶታል። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪሞት ድረስ ያ የታልሙድ ዜማ ከድምፁ አልጠፋም። ጥያቄ ያነሣል፤ ራሱ ይመልሳል፤ መልሱን ደግሞ ራሱ ይሽረዋል፤ እጁ በአየር ላይ ይሟገታል፤ ቃሉ ከፍ ብሎ ይጀምርና ዝቅ ብሎ ያርፋል። እንግሊዝኛውን የማይሰማ የእኛ መሪጌታ እንኳ ዜማውን ቢሰማ፣ ይህ ሰው ከጉባኤ የወጣ ነው ማለቱ አይቀርም።

እነዚህ ሰዎች ወደ መድረኩ እንዴት ደረሱ ቢሉ፣ ታሪኩ የስደት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ የአሜሪካ በር በሕግ እስከ ጠበበበት እስከ 1924 ድረስ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አይሁድ ከድኽነትና ከግድያ ሸሽተው ከምሥራቅ አውሮጳ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ይዲሽ የሚባለው ቋንቋቸውም አብሯቸው ተሻገረ። በኒው ዮርክ ጠባብ ቤቶች ታጭቀው፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ እየሠሩ ጥቂት ጥሪት ሲይዙ፣ በበጋ ሙቀት አየር መለወጥ አማራቸው፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ ሆቴሎች አይሁዳዊን አይቀበሉም ነበርና፣ ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙት የካትስኪልስ ተራሮች ላይ የራሳቸውን ሆቴሎች ሠሩ። ግሮሲንገር እና ኮንኮርድ የተባሉት ስመ ጥር ነበሩ። በእነዚህ ሆቴሎች ከምግቡና ከመዋኛው ቀጥሎ ዋናው ነገር ጨዋታ ነው። እንግዳው ከቁርስ እስከ እኩለ ሌሊት እንዳይሰለቸው የሚያጫውት ሰው ይቀጠራል፤ ማታ ደግሞ በትልቁ አዳራሽ ቀልደኛው ብቻውን በድምፅ ማጉያው ፊት ይቆማል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የተስፋፋው፣ አንድ ሰው ቆሞ ብዙ ሰው የሚያስቅበት የመድረክ ጥበብ፣ ካሉት ትልልቅ ምንጮች አንዱ ይህ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣ አንድ የታይም መጽሔት ጽሑፍ፣ በአሜሪካ ከሚሠሩት ቀልደኞች ከመቶ ሰማንያው አይሁድ እንደ ሆኑ ገምቶ ነበር፤ አይሁድ በዚያ ጊዜ ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነበሩ።

ከእነዚያ ሁሉ በእኔ ሚዛን ላይ የሚከብደው ማይረን ኮኸን ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በግሮድኖ ተወልዶ በሕፃንነቱ አሜሪካ የገባው ይህ ሰው፣ መድረክ ከማወቁ በፊት በኒው ዮርክ የልብስ ነጋዴዎች ሰፈር የሐር ጨርቅ ሻጭ ነበር። ጨርቁን ለመሸጥ ወግ ያወጋል፤ ወጉ እየጣፈጠ ሲሄድ ደንበኞቹ ከጨርቁ ይልቅ ወጉን ፈለጉ። መድረክ ላይ ሲቆም ልብሱ የተስተካከለ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ አካሉ ጭምት ነው፤ አይጮኽም፣ አይሳደብም፣ አይቸኩልም። ለእንዲህ ያለው አተራረክ ምሳሌ እንድትሆን፣ በአይሁድ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ከሚወጉት አንዷን ላንሣ። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን ይዛ ከውቅያኖስ ዳር ተቀምጣ ሳለ፣ ድንገት ማዕበል ተነሥቶ ሕፃኑን ነጥቆ ወሰደው። አሮጊቲቱ ከአሸዋው ላይ ተንበርክካ፣ አምላኬ ሆይ፣ ዘመኔን ሁሉ ሕግህን ጠብቄአለሁ፣ ያለኝ ይህ አንድ ልጅ ነው፣ መልስልኝ ብላ አነባች። ሁለተኛ ማዕበል መጣ፤ ሕፃኑን በደኅና አምጥቶ ከእግሯ ሥር አኖረው። አሮጊቲቱ ሕፃኑን አየችው፤ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ወደ ሰማይ ቀና አለችና «ባርኔጣ ነበረው» አለች።

በዚህች ጨዋታ ውስጥ አንድ የነገረ መለኮት ጉባኤ አለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሴቲቱ በአምላኳ ፊት እንግዳ አይደለችም፤ ቃል ኪዳን አላትና ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ የጎደለውንም ታስቈጥራለች። እኛም ዘንድ ይህ ባዕድ አይደለም። ዝናቡ ዘግይቶ ዳጉሳው ሲጠወልግ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ቆማ «ምነው ሚካኤል፣ ምን አጠፋሁ? ስለቴን መቼ አስቀረሁ?» ብላ የምትሟገት የሊበን እናት ከዚያች አሮጊት ጋር ቢያገናኟቸው፣ ያለ አስተርጓሚ ይግባቡ ነበር። የአሮጊቲቱን ባርኔጣ አስቂኝ የሚያደርገው ነገር ድፍረቷ ሲሆን፣ ድፍረቷን የሚያሳምረው ደግሞ እምነቷ ነው፤ የማያምን ሰው ባርኔጣ ከማን ይጠይቃል?

ሌላው ትልቅ ትምህርት የዝምታ ነው። ጃክ ቤኒ በራዲዮና በቴሌቪዥን ለዐሥርት ዓመታት የተደመጠ፣ ራሱን እንደ ታላቅ ስስታም አድርጎ ያስተዋወቀ ቀልደኛ ነበር፤ በእውነተኛ ኑሮው ግን ለጋስ እንደ ነበር ይመሰክሩለታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ባቀረበው የራዲዮ ጨዋታ፣ በሌሊት አንድ ወንበዴ ያስቆመውና «ገንዘብህን ወይስ ነፍስህን» ይለዋል። ቤኒ ዝም ይላል። ዝምታው ይረዝማል። በራዲዮ ዝም ማለት አደጋ ነው፤ ሰሚው መሣሪያው ተበላሸ ሊል ይችላል። ሕዝቡ ግን ሰውየውን ለዓመታት ስለሚያውቀው፣ ቤኒ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በዝምታው ላይ መሳቅ ይጀምራል። ወንበዴው ተቆጥቶ ደግሞ ሲጠይቀው፣ እያሰብኩበት ነው የሚል መልስ ይሰጠዋል። የኔታ ዋንጫቸውን አንሥተው የጎነጩባት ቅጽበትና ይህች የራዲዮ ዝምታ አንዲት ጥበብ ናት፤ ሁለቱም ሰሚውን አምነው፣ የቀረውን እርሱ እንዲጨርሰው ቦታ ይለቁለታል። ሰሚውን የማያምን ተራኪ ዝም ማለት አይችልም።

በአይሁድ ዘንድ ይህ ጥበብ ካትስኪልስ ሳይደርስ በፊት የሠርግ ጥበብ ነበር። ባድኽን የሚሉት ባለሙያ በሠርግ ቤት ቆሞ በቤት የሚመታ ግጥም ከልቡ እያፈለቀ፣ መጀመሪያ ሙሽራይቱን ስለ ወላጆቿ ቤትና ስለሚያልፈው ልጅነቷ እየነገረ ያስለቅሳታል፤ ከዚያም ሠርገኛውን በስሙ እየጠራ ያስቃል። በዳስ ውስጥ መሰንቆውን ይዞ የገባ የጎጃም አዝማሪም የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሙሽራ ስትሸኝ የሚዘፈነው ዘፈን አንጀት የሚበላ ነው፤ ወዲያው ግን አዝማሪው ወደ ሚዜው ዞሮ ስለ ጫማው ይገጥምለታል፤ እድምተኛውም «ተቀበል» እያለ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ለቅሶውና ሳቁ በአንድ ሰው አፍ መኖራቸው የዚህ ሙያ ምልክት ነው። ሔኒ ያንግማን የተባለው የካትስኪልስ ቀልደኛ፣ እጅግ አጫጭር ቀልዶቹን ሲደረድር ሁልጊዜ ቫዮሊን በእጁ ይይዝ ነበር፤ ባየሁት ቍጥር የሠርግ ቤቱ ዘመድ ሆኖ ይታየኛል።

ሜል ብሩክስና ካርል ራይነር የተባሉት ቀልደኞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 በሸክላ ያወጡት ጨዋታ ከዚሁ ዘር ነው። ራይነር ጠያቂ ጋዜጠኛ ይሆናል፤ ብሩክስ የሁለት ሺህ ዓመት ሽማግሌ ይሆናል፤ ጠያቂው ስለ ታላላቅ የታሪክ ሰዎች ሲጠይቀው ሽማግሌው ሁሉንም እንደ ሰፈር ልጅ አውቃቸዋለሁ እያለ ይመልሳል። መጀመሪያ ለወዳጆቻቸው በግብዣ ቤት ሲጫወቱት የኖሩት ስለ ሆነ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ በዚያው ቅጽበት የፈለቀ ነበር።

በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ ቀልደኛው እውነትን የመናገር ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ግን በነጻ አይገኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ ደጃችን፣ በማንኩሳ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን እውነትን ፌዝ አልብሶ ለመኳንንቱ የሚናገረውን ካሳ ዳምጤን፣ ሰዉ እብድ አድርጎ «ጉዱ ካሳ» ብሎ ጠራው። አለቃ ገብረ ሐናም በነገሥታት ፊት የሚሰነዝሩት ቃል አንዳንድ ጊዜ ሽልማት፣ አንዳንድ ጊዜ ቁጣ ያመጣባቸው እንደ ነበር ትውፊቱ ይነግረናል። አይሁድ ቀልደኞችም ብዙ ጊዜ ቀልዳቸውን በራሳቸው፣ በሚስታቸው፣ በእናታቸውና በምኵራባቸው ላይ ይጀምራሉ፤ ራሱን አስቀድሞ የነካ ሰው ሌላውን ለመንካት ሥልጣን ያገኛልና። በሚስት ላይ የተቀለደው ቀልድ ሁሉ ግን አላረጀም ማለት አልችልም፤ ብዙው ዛሬ ሲሰማ ይጎረብጣል፤ በእኛም አለቃና በባለቤታቸው በወይዘሮ ማዘንጊያ ስም የሚወጋው ጨዋታ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም።

ሁለቱ ወንዞች በአንድ ሰው ውስጥ የተገናኙበት ጊዜም አለ። ዮሲ ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1975 በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለደ፤ ገና በአሥር ዓመቱ ገደማ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሱዳን ገባ፤ ከዚያም ብዙዎች በሞቱበት በዚያ የስደት መንገድ ተርፎ እስራኤል ደረሰ። አድጎም በዕብራይስጥ ብቻውን የሚተርክበትን ትርኢት ሠራ፤ የትርኢቱም ስም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «በአማርኛ ይበልጥ ያምራል» እንደ ማለት ነው። የመንደሩን ሕይወት፣ የጉዞውን መከራ፣ አዲሱን አገርና ልጆቹን ለመረዳት የሚታገሉትን ወላጆች እያሣቀ ይተርካል። ከጓደኞቹ ጋር የፈጠረው «ኔቭሱ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማም፣ ኢትዮጵያዊ ባልና አውሮጳዊ ዝርያ ያላት ሚስት የመሠረቱትን ቤት እያሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም አቀፉን ኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ አግኝቷል። የቤተ እስራኤልን ሽማግሌዎች ወግና የአይሁድን መድረክ በአንድ ትንፋሽ የያዘ ሌላ ሰው አላውቅም፤ የአማርኛ ጋዜጦቻችን ስለ እርሱ የጻፉት ግን ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው።

አገር ቤትም መድረኩ ባዶ አልነበረም። በካሴት ዘመን ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ ክበበው ገዳ የተባሉት ቀልደኞች ድምፃቸው በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ይሰማ ነበር። ከእነርሱም ተስፋዬ ካሳን በተለይ አመሰግናለሁ፤ ወግ ሲያወጋ የገጠሩን ሰው አነጋገር ሳያዋርድ፣ ነገሩን ከሩቅ እያመጣ፣ ሰሚውን እያስጠበቀ ነበርና። ዛሬ ግን በስልክ መስኮት የሚታየው ሳቅ በአብዛኛው መንገድ የለውም፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተጀምሮ ያልቃል፤ የመሶቡ ቀለም፣ የውኃው መፍሰስ፣ የዋንጫው መነሣት ቦታ አያገኙም። ካትስኪልስም አልቀረለትም። አውሮፕላን ሲረክስ፣ ሌላውም ሆቴል በሩን ለአይሁድ ሲከፍት፣ የተራራው አዳራሾች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ግሮሲንገር እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኮንኮርድ በ1998 በራቸውን ዘጉ።

ነገር ግን አይሁድ አዳራሾቻቸው ሳይዘጉ በፊት ወጋቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ዚግሙንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1905 ስለ ቀልድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ብዙ የወገኖቹን ጨዋታ አስገብቷል፤ ናታን አውሱበል እ.ኤ.አ. በ1948 የአይሁድን ተረትና ወግ በአንድ ትልቅ መድበል አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ፊልም ሠሪ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን አይሁድ አንድ በአንድ ከካሜራ ፊት እያቆመ የሚያውቁትን ቀልድ እንዲያወጉ አደረገ። ያቆማቸውም ሰዎች ሐኪሞች፣ ጠበቆችና ነጋዴዎች እንጂ ሁሉም የመድረክ ሰዎች አልነበሩም። በእኛም ዘንድ የአለቃ ጨዋታ በየጊዜው በትናንሽ መጻሕፍት ታትሟል፤ በወረቀት ላይ የገባው ግን ፍሬው ብቻ ነው፤ የተራኪው ድምፅ፣ እጅና ዝምታ ከገጹ ውጭ ቀርቷል።

ስለዚህ በሊበን፣ በዳሞትና በመላው ጎጃም ላላችሁ አንባብያን የማቀርበው ልመና አለ። በሚቀጥለው የጽዋ ማኅበር፣ በሰንበቴ፣ ወይም በጥር በሚተከለው የሠርግ ዳስ ውስጥ፣ ወግ የሚያውቁ አረጋዊ ሲገኙ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ በኪሳችሁ ያለውን ስልክ አውጥታችሁ ሙሉውን ቅዱ፤ መግደርደራቸውንም፣ መጎንጨታቸውንም፣ የሰሚውን ሳቅም አትቁረጡ። ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ የተማሩበትን ቅኔ ቤትና ቀኑን ጻፉበት። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የፎክሎር ተማሪዎችን ያስተምራሉ፤ እነዚያ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሆን ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ መምህሮቻቸውም የተቀዳውን በአንድ ቦታ ለማኖር ዛሬውኑ ይጀምሩ።